ላም አለኝ በሰማይ፦ 5,000 ስልክ ቁጥር 5,000 ደንበኛ አይደለም

ወዳጆቼ፣ በተለይ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ይሄ ጽሑፍ ረዘም ይላል። ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። መሳደብ ያማረው ሰው ኮሜንቱ ክፍት ነው፤ ብቻ መጀመሪያ አንብቦ ይጨርስ።

ሰሞኑን ቴሌግራሙንም ቲክቶኩንም አንድ ዓይነት ኮርስ ሞልቶታል። "ቤትህ ቁጭ ብለህ ከጎግል ማፕ ደንበኛ ልቀም" ይላል። አንዱ ላፕቶፑን ይከፍትና ካርታው ላይ "ፋርማሲ አዲስ አበባ" ብሎ ይጽፋል። የሆነ ነገር ይጫናል። ስም፣ ስልክ፣ አድራሻ እየተግተለተለ ኤክሴል ላይ ይወርዳል። ሙዚቃው ከፍ ይላል። "ይኸው! በአሥር ደቂቃ 5,000 ደንበኛ!" ከሥሩ የመመዝገቢያ ሊንክና ገንዘብ የሚገባበት የቴሌብር ቁጥር።

ይሄን ኮርስ ከፍለው የተማሩ የኔ ልጆች አሉ። አንዳንዶቹ ዝርዝሩን በመስመር ቆጥረው ይሸጣሉ። አንዳንዶቹ ራሳቸው እየደወሉ "ዌብሳይት ልሥራላችሁ" ይላሉ። የቀሩት ገዢ አጥተው ፋይሉን ታቅፈው ተቀምጠዋል።

እኔ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ፤ ያውም በዲፕሎማ። "አንተ ስለ ማርኬቲንግ ምን አገባህ?" የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። በሁለት በኩል ያገባኛል። አንደኛ፣ ካርታ እንጀራዬ ነው። ካርታ ምን እንደሚያሳይና ምን እንደማያሳይ እያስረዳሁ ነው ጠመኔ የጨረስኩት። ሁለተኛ፣ ልጆቹ የኔ ናቸው።

የምለውን ከመጀመሪያው ልናገር። በእኛ አገር ካርታ ላይ የተጻፈ የሱቅ ስልክ የቢሮ ስልክ አይደለም። የአንድ ሰው የእጅ ስልክ ነው፤ የእጅ ስልኩ ደግሞ ዛሬ ኪሱ ነው። የ5,000 ሰው ኪስ የት የት እንዳለ ጽፎ ለገዛ ሁሉ መሸጥ ንግድ አይባልም። ይሄን "ሥራ" ብሎ ለልጅ ማስተማር ነውር ነው።

ዝርዝሩ እንዴት ይሠራል?

ለማታውቁት ላስረዳ። ጎግል ማፕ ላይ የሥራ ዓይነትና ከተማ ስትጽፉ የድርጅቶች ዝርዝር ይመጣል። ብሮውዘር ላይ የሚጫን ትንሽ ኤክስቴንሽን አለ፤ ዝርዝሩን በራሱ ወደ ታች እየገፋ የእያንዳንዱን ድርጅት ስም፣ ዘርፍ፣ ስልክ፣ የኮከብና የአስተያየት ብዛት፣ የሥራ ሰዓት፣ ካለውም ዌብሳይቱን ይለቅማል። አንድ ፍለጋ መቶ ሃያ ገደማ ውጤት ላይ ስለሚቆም ከተማውን በትንንሽ አራት ማዕዘን ይከፋፍሉና እያንዳንዱን ለየብቻ ይፈልጋሉ። ከዚያ የተደጋገመውን ማጥፋት፣ ዌብሳይት የሌለውን መለየት፣ መሸጥ። በቃ ይኸው ነው። ሥራው ሁለት ሰዓት አይፈጅም፤ ኮርሱ ግን አራት ሳምንት ነው።

ባለፈው አንድ የድሮ ተማሪዬ እንዲህ ያለ ፋይል ይዞ መጣ። "ቲቸር፣ የሀዋሳ ነው፣ እስቲ ይዩልኝ" አለኝ። የመጀመሪያዎቹን 20 መስመሮች አንድ በአንድ አየናቸው። ኤክሴሉ የስልኮቹን የመጀመሪያ ዜሮ በልቶታል። አንዳንዱ በ046 የሚጀምር የመስመር ስልክ ነው፤ ቴሌግራም አይገባበትም። ሁለት መስመሮች አንድ ሱቅ ሆነው ተገኙ፤ አንዱ በአማርኛ አንዱ በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ። አንዱን ሱቅ ሁለታችንም እናውቀዋለን፤ ከተዘጋ ቆይቷል። አንዱማ እኛው ትምህርት ቤት ነው! "የመጻሕፍት መደብር" ተብሎ ተመዝግቧል። ልጁ ለራሱ ርእሰ መምህር ደውሎ "ለመጻሕፍት መደብራችሁ ዌብሳይት ልሥራ" ሊል ነበር።

ሳቅን። ከዚያ "እስካሁን ስንት ሸጥክ?" ስለው ዝም አለ።

ደንበኛ ማን ነው?

ይሄን ፋይል "የደንበኛ ዝርዝር" ይሉታል። ፈረንጅኛውን የሚወዱት "ሊድ" ይሉታል። እስቲ የራሳችንን ቃል እንየው። ደንበኛ ማለት ዛሬ ገዝቶ ነገ የሚመለስ፣ ባለሱቁ በስሙ የሚጠራው፣ ብር ቢያጥረው "ግዴለም፣ ነገ ታመጣለህ" የሚባል ሰው ነው። ቃሉ ውስጥ ደንብ አለ። በሁለት ሰዎች መካከል በጊዜ ብዛት የተበጀ ደንብ። ወግ ያለውን ነገር ሁሉ "ደንበኛ" የምንለው ለዚህ ነው።

አይተህ የማታውቀውን፣ አይቶህ የማያውቀውን ሰው "ደንበኛዬ" ማለት መንገድ ላይ ያለፈችህን ልጅ "ሚስቴ" እንደማለት ነው። አባቶቻችን "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" ብለው የጨረሱትን ነው ዛሬ በኤክሴል የምንጽፈው። 5,000 ላም፣ አንድ ኩባያ ወተት የለም።

ካርታው ገበያውን አያውቀውም

አሁን ወደ ራሴ ትምህርት ልምጣ። ዘጠነኛ ክፍል ላይ ያስተማርኳችሁን አስታውሱ፤ ማንኛውም ካርታ ይመርጣል። አንዱን ያሳያል፣ ሌላውን ይተዋል። ጥያቄው ማን መረጠ ነው።

መርካቶ ሂዱ። ንግዱ የሚመራው በተራ ነው፤ ሸማ ተራ፣ ቦምብ ተራ፣ ምናለሽ ተራ። አንድ የገበያ ሕንፃ ውስጥ በመቶ የሚቆጠር ሱቅ ተደራርቧል፤ ካርታው ላይ ሕንፃው ብዙ ጊዜ አንድ ነጥብ ነው። ትልቁን ገንዘብ የሚያንቀሳቅሰው ጅምላ ነጋዴ ካርታ ላይ ስሙ ላይኖር ይችላል፤ የሚፈልገው ሰው ቦታውን ስለሚያውቀው አያስፈልገውም። በአንጻሩ አንድ ካፌ ገብቶ ማኪያቶ የጠጣ ወጣት ነጥብ ጨምሮለት ፎቶ ለጥፎለት ይወጣል። ጉልት፣ የሰፈር ሱቅ፣ ወፍጮ ቤት፣ ጋራዥ፣ ሊስትሮ እያላችሁ ቁጠሩ። እናንተ በቀን ገንዘብ ከምታወጡባቸው ቦታዎች ስንቱ ካርታ ላይ አለ?

ያለውም ቢሆን አይቆምም። በ2016 ዓ.ም ከፒያሳ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ወደ ሌሎች ሰፈሮች፣ ከአዲስ አበባም ወደ ሌሎች ከተሞች ተስፋፍቷል። በዚህ ምክንያት ከቦታቸው የተነሡ ሱቆች ብዙ ናቸው። ሰውየው ዕቃውን ጭኖ ሌላ ክፍለ ከተማ ገብቷል፤ ካርታው ላይ ነጥቡ አሁንም አሮጌው ቦታ ላይ ቆሞ ይሆናል። ዝርዝር ለቃሚው ይሄን በምን ያውቃል? አያውቅም። ወጥቶ አላየማ!

ዌብሳይት የለውም ማለት ችግር አለበት ማለት ነው?

የኮርሱ ዋና ሚስጥር ተብሎ የሚሸጠው ይሄ ነው፤ "ዌብሳይት የሌለው ድርጅት ሁሉ ደንበኛህ ነው።" ይሄ ከአሜሪካ ቪዲዮ በቀጥታ የተቀዳ ነው። እዚያ ዌብሳይት የሌለው የጥርስ ሐኪም ከሰፈሩ ወደኋላ የቀረ ነው ቢባል ያስኬዳል፤ ማጣሪያው አንድ ነገር ይለያል። እዚህስ? እዚህ አብዛኛው ሱቅ ዌብሳይት የለውም። የልብስ ሱቋ የቴሌግራም ቻናል አላት፤ በየቀኑ ፎቶ ትለጥፋለች፣ ዋጋ በኢንቦክስ ትመልሳለች፣ ዕቃውን በሞተር ትልካለች። ፈርኒቸር ቤቱ ቲክቶክ ላይ ሶፋ እየገለባበጠ ያሳያል። ሥራቸው ቆሞባቸው አይደለም።

ሁሉንም የሚያሳልፍ ወንፊት ወንፊት አይባልም። ዱቄቱም እብቁም አብሮ ወረደ።

የኮከቡም ነገር እንዲሁ ነው። "አስተያየት ያነሰው ድርጅት ገበያ የለውም" ይላሉ። የአገራችን ሰው ምግብ ቤት ሲወድ ኮከብ አይሰጥም፤ ጓደኛውን ይዞ ይመለሳል። ክትፎው የሚጣፍጠው ቤት ካርታ ላይ ሦስት አስተያየት ይዞ ቀኑን ሙሉ መቀመጫ ያጣል።

አሁን ወደ ኪሱ

እስካሁን ያልኩት ዝርዝሩ አይረባም ነው። የማይረባ ነገር መሸጥ ነውር ቢሆንም አገር አያፈርስም። የሚያሳስበኝ የሚረባበት በኩል ነው። ለማን እንደሚረባ ልንገራችሁ።

አሜሪካ ያለው የጥርስ ክሊኒክ ካርታ ላይ ያለው ስልክ ሲደወል የምታነሣው ተቀጣሪ ናት። "አንፈልግም፣ እናመሰግናለን" ብላ ትዘጋለች። ሐኪሙ የራሱ ስልክ ኪሱ ውስጥ ነው፤ ማንም አያውቀውም። እዚህ አንዲት የቆንጆ ልብስ ሱቅ ያላት እህታችን ካርታ ላይ የጻፈችው ቁጥር እናቷ የሚደውሉበት ነው። ልጇ ትምህርት ቤት ሲያመው የሚደወለው እሱ ላይ ነው። ቴሌግራሟ በሱ ነው። የባንክ ሒሳቧ የማረጋገጫ ቁጥር የሚላከው ወደ እሱ ነው። በ2013 ዓ.ም ቴሌብር ሥራ ሲጀምር ደግሞ ስልክ ቁጥሩ ራሱ የገንዘብ ሒሳብ ሆነ።

እንግዲህ ይሄ ቁጥር ከስሟ፣ ከሱቋ ስም፣ ከሥራዋ ዓይነት፣ ከሰፈሯ፣ ሱቅ ከምትከፍትና ከምትዘጋበት ሰዓት ጋር አንድ መስመር ላይ ተጽፎ ተሸጠ። ማን ገዛው? ሻጩ አያውቅም። ገዢውስ ለማን ሰጠው? አይታወቅም። ቴሌግራም ላይ አንድ ፋይል አንዴ ከተለቀቀ በፎርዋርድ የት እንደሚደርስ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ።

"ከባንክ ነው የምንደውለው" የሚለውን ድምፅ ያልሰማ አለ? ባንኮቹም ኢትዮ ቴሌኮምም "የሚስጥር ቁጥራችሁን ለማንም አትንገሩ" ሲሉ የሚውሉት በትርፍ ጊዜያቸው ለመዝናናት አይደለም። ድሮ አጭበርባሪው በደመነፍስ ነበር የሚደውለው። "ሽልማት ደርሶዎታል" ሲል ብዙ ሰው ይነቃበታል። አሁን ግን ዝርዝር አለው። በሐምሌ፣ ግብር በሚከፈልበት ሰሞን ይደውልና፣ "የእንትን ልብስ መደብር ባለቤት ነዎት? አዲሱ ገበያ አካባቢ ያለው? የግብር መለያዎ ላይ ችግር አለ፤ አሁን የሚደርስዎትን ቁጥር ይንገሩኝ" ይላል። የሱቅ ስሟን አውቆ፣ ሰፈሯን አውቆ፣ ሱቅ ውስጥ ባለችበት ሰዓት ደውሎ። ሰዓቱን ማን ነገረው? የኔ ተማሪ። በመስመር ቆጥሮ፣ በሳንቲም።

ልጁ ሌባ ነው አላልኩም። የኔ ልጆች ሌባ አይደሉም። ግን ለሌባ መሰላል የሚያቀብል ሰው "እኔ አልገባሁም" ብሎ ከነገሩ አይወጣም።

"ቁጥሩ ክፍት ነው፤ ራሷ ናት ያወጣችው"

ይሄ ነው ዋናው መልሳቸው። ልስማው፤ ከዚያ ልመልስ።

የለቅሶ ድንኳን ክፍት ነው። በር የለውም፤ ማንም "ፈቃድ አለህ?" ብሎ አይጠይቅም። ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሁሉ ይገባል። አንድ ሰው ገብቶ ተቀምጦ ሐዘንተኛውን "ወንድሜ፣ ሶላር ልሽጥልህ" ቢለውስ? ድንኳኑ ክፍት ነው ብሎ ይከራከራል? ክፍት የሆነው ለምን እንደሆነ ልጅም ያውቀዋል። እሷም ቁጥሩን የጻፈችው "ቀሚሱ በኔ ልክ አለ ወይ?" ብሎ ለሚደውል ሰው ነው።

ደግሞስ ሁሌ ራሷ ናት ያወጣችው? ጎግል ማፕ ላይ ማንም አላፊ አግዳሚ ቦታ መጨመር፣ ስልክም መጠቆም ይችላል። ባለቤቱ ያልተረከበው ድርጅት ላይ "ይሄ ድርጅት የእርስዎ ነው? ይረከቡት" የሚል ግብዣ ተጽፎ ታዩታላችሁ። እሱን ያየ ሰው "ራሷ ናት ያወጣችው" ለማለት አፉ አይያዝም?

ሌላው ቀርቶ ባለካርታው ራሱ አልፈቀደም። የጎግል ማፕ የአጠቃቀም ውል መረጃውን በጅምላ ማውረድን ይከለክላል። ከውስጡ የድርጅቶች ዝርዝር ቋት፣ የመልእክት መላኪያ ዝርዝር ወይም በስልክ የመሸጫ ዝርዝር ማዘጋጀትንም በግልጽ ስም ጠርቶ ይከለክላል። አራት ሳምንት ያስተማረ "አሠልጣኝ" ይሄን አንድ ገጽ አላነበበም? ወይስ አንብቦ ዝም አለ? ሁለቱም ለአስተማሪ አያምሩም።

የአገራችንም ሕግ አለ። የሕግ ባለሙያ አይደለሁም፤ ማንበብ ግን እችላለሁ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ዕቃ ወይም አገልግሎት ለማስተዋወቅ ብሎ ተቀባዩ ሳይፈቅድ ኢሜይልና ተመሳሳይ የኮምፒውተር መልእክት ማሰራጨትን እስከ 3 ዓመት በሚደርስ ቀላል እሥራትና እስከ 30,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ያስቀጣል። ሕጉ ንግድን አልከለከለም፤ ተቀባዩ ከፈቀደ፣ ወይም በኢሜይል የተላከው ማስታወቂያ የላኪውን ትክክለኛ ማንነትና አድራሻ፣ "በቃኝ" የሚባልበትንም ቀላል መንገድ ከያዘ ለይቶ ያየዋል። በ2016 ዓ.ም ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ሐሳቡ አንድ አስተማሪ ለተማሪ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊያስረዳው የሚችል ነው፤ የሰው መረጃ ለአንድ ዓላማ ከተሰጠ ለዚያው ዓላማ ይዋል። የአንድን ሰው የእጅ ስልክ ከስሙ ጋር ስትይዝ የግል መረጃ ይዘሃል፤ አጠገቡ "ቡቲክ" ተብሎ ስለተጻፈ የሕዝብ አይሆንም።

"ታዲያ ምን እንብላ?"

ይሄን የሚጠይቀኝን ልጅ አልቆጣም። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ተመርቆ ሦስት ዓመት ቤት የተቀመጠን ልጅ "ይሄ ነውር ነው" ብሎ ብቻ መሄድ የጠገበ ሰው ምክር ነው። እኔም ደመወዜን ታውቁታላችሁ፤ ጠግቤ አይደለም የምናገረው።

ዝርዝር ሥሩ። 30 መስመር ብቻ። አንድ መንገድ ምረጡ፣ አንድ የሥራ ዘርፍ ምረጡ፣ በእግር ሂዱ። ካርታውንም ተጠቀሙበት፤ ካርታ ለመንገድ ነው የተሠራው። ከየት ጀምራችሁ የት እንደምትጨርሱ ያሳያችኋል። ዳታውን በነፃ ማውረድ የምትፈልጉ ኦፕንስትሪትማፕ አለ፤ ፈቃዱ ይፈቅዳል፣ ምንጩን መጥቀስ ግን ግዴታ ነው፤ ከሱ የሠራችሁትን የዳታ ቋት ለሌሎች ስታወጡም በዚያው ፈቃድ ነው። እሱም ቢሆን የሚያገለግላችሁ ሱቆቹ የት እንዳሉ ለማወቅ ነው። ዳታውን ማውረድ ተፈቀደ ማለት ባለቤቷን መደወል ተፈቀደ ማለት አይደለም።

የዝርዝሩ ዓምዶች እነዚህ ይሁኑ። የሱቁ ስም። ያነጋገርኩት ሰው፤ ባለቤት ነው ወይስ ተቀጣሪ? ምን እንደቸገራቸው፤ በራሳቸው ቃል። አሁን ደንበኛ የሚያገኙት በምን በኩል ነው? ሥራ የሚበዛባቸው ሰዓት። የመጨረሻውና ትልቁ ዓምድ፣ "ልደውልልዎ እችላለሁ?" አዎ ወይም አይ፤ አዎ ካሉ በስንት ሰዓት። ይሄ ዓምድ ባዶ የሆነበት መስመር አይደወልበትም፣ ለማንም አይሰጥም። አለቀ።

አካሄድ ደግሞ አለው። ምግብ ቤት በ6 ሰዓት አይገባም። በበዓል ዋዜማ ዶሮ ሻጭ ዘንድ ተሂዶ ስለ ዌብሳይት አይወራም። ባለቤቷ ገዢ ይዛ ከሆነ ወጣ ብሎ መጠበቅ ነው። "እንደምን ዋሉ" ይቀድማል። የማያውቁትን ሰው አንቱ ብሎ መጀመር ያስከብራል እንጂ አያዋርድም። ይሄን የሚያስተምር ኤክስቴንሽን የለም፤ እናቶቻችሁ ግን በነፃ አስተምረዋችኋል።

"30 ሰው አይበቃም" ትሉኛላችሁ። አንዲት የድሮ ተማሪዬ አለች። እዚሁ ሀዋሳ ከአቶቴ እስከ ፒያሳ በእግሯ ሄደች። ያየችው ችግር ዌብሳይት አልነበረም። የብዙዎቹ ነጥብ ካርታ ላይ የተሳሳተ ቦታ ነው ያለው፤ ሰዓቱ ልክ አይደለም፣ ፎቶው የሌላ ሱቅ ነው። "ላስተካክልልዎ" አለቻቸው። ጎግል ራሱ ለምዝገባው ገንዘብ እንደማይጠይቅ አስቀድማ ነገረቻቸው፤ የምታስከፍለው የድካሟን ነው። አንዳንዶቹ እምቢ አሉ፣ አንዳንዶቹ "ሌላ ጊዜ" አሉ፣ አራቱ እሺ አሉ። ከአራቱ አንደኛዋ ለእህቷ ነገረች፣ እህቷ ለጎረቤቷ። አሁን የሚደውሉት እነሱ ናቸው። ሀብታም ሆናለች አልልም። ግን በመንገዱ ስታልፍ በስሟ ይጠሯታል፤ "ቁጭ በይ፣ ቡና ደርሷል" ይሏታል። ደንበኛ ይሄ ነው።

ለኮርስ ሻጮቹ

አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። ዝርዝሩ ይህን ያህል ወርቅ ከሆነ ለምንድን ነው አንተ የማትደውልበት? 5,000 ደንበኛ በአሥር ደቂቃ የሚለቅም ሰው ጊዜው ተርፎት ነው ቲክቶክ ላይ ተማሪ የሚለቅመው? እውነቱን ሁለታችንም እናውቃለን። ያንተ ደንበኛ ፋርማሲው አይደለም፤ ሥራ ያጣው ልጅ ነው። ዝርዝሩ ማጥመጃው ነው።

ማስተማር ከፈለግክ አስተምር። ኤክሴል አስተምር፣ ያንን የጠፋ ዜሮ እንዴት እንደሚመልሱ አሳያቸው። ሰው ማነጋገር አስተምር። ውል ማንበብ አስተምር። እኔም ተማሪዎቼን እልክልሃለሁ።

ለባለሱቅ ወዳጆቼ

ይሄን የምታነቡ ባለሱቆች አላችሁ፤ ለእናንተም ጥቂት ልበል። ካርታ ላይ ስማችሁን ፈልጉና ነጥቡን ራሳችሁ ተረከቡት፤ ያኔ የሚጻፈውን የምትወስኑት እናንተ ትሆናላችሁ። ከቻላችሁ ለሱቁ ሌላ ሲም አውጡ፤ ባንክና ቴሌብር ያለበትን ቁጥር አደባባይ አታውጡት። የሱቃችሁን ስምና ሰፈር የጠራ ደዋይ ሁሉ ያውቃችኋል ማለት አይደለም፤ ያ ሁሉ በሳንቲም ተሸጧል። በስልክ የደረሳችሁን የማረጋገጫ ቁጥር ለማንም፣ ለማንም አትንገሩ። ከባንክ ነኝ ቢል ዝጉና ራሳችሁ ወደ ባንኩ ሂዱ። ደግሞም በእግሩ መጥቶ "እንደምን ዋላችሁ" ያለ ልጅ ሲገባ ዝንብ እንደምታባርሩ አታባርሩት። ላብ ያለበት ልጅ ነው፤ ሁለት ደቂቃ ስጡት።

ተማሪዎቼ ሆይ፣ እጃችሁ ላይ እንዲህ ያለ ፋይል ያላችሁ፣ አጥፉት። ለሰው የሰጣችሁ ካላችሁም እንዲያጥፋ ንገሩት፤ ሁሉም ባይሰማችሁ አንዱ ይሰማል። ከዚያ 30 መስመር ያለው ባዶ ወረቀት ያዙ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኔ ትርፍ ጊዜ አለኝ፤ በእግሩ ሄዶ የሞላውን ወረቀት ይዞ የሚመጣ ካለ አብረን ቁጭ ብለን እናየዋለን፣ ቡናው በኔ ነው። 5,000 መስመር ይዞ የሚመጣ ግን የኔንም ይከፍላል።

ባለሱቅ የሆኑ ዘመዶቻችሁ እንዲያነቡት ሼር አድርጉላቸው። ሰላም ዋሉ።